ለጣውንቴ የገዛኋቸው ስጦታዎች፦ የሰባት በዓላት ግምገማ

ሳሎናችን ውስጥ ጣውንት አለችኝ። 120 ሊትር ውሃ ይዛ ግድግዳ ተደግፋ ትኖራለች። በቀን ለስምንት ሰዓት መብራት ይበራላታል። ባለቤቴ ከሥራ ሲገባ መጀመሪያ ጎንበስ ብሎ የሚያየው እሷን ነው፤ እኔ ተራዬን እጠብቃለሁ። አኳሪየሙን፣ የዓሣ ማርቢያውን የመስታወት ገንዳ ማለቴ ነው።

መጀመሪያ ሰሞን ቅናቱም ነበር። በኋላ ግን አንድ ጥቅም ታየኝ። ለዚህ ሰውዬ የበዓል ስጦታ መምረጥ ጭንቅ ነው። ሸሚዝ ሲሰጡት «አለኝ እኮ» ይላል። ቀበቶ ሲሰጡት «አለኝ እኮ» ይላል። አሁን የሚወደው ነገር ፊት ለፊቴ ተገትሮ እየተንቦጫረቀ ነው። ለእሷ ከገዛሁ ለእሱ ገዛሁ ማለት ነው ብዬ ተገላገልኩ።

ተገላገልኩ ያልኩት በከንቱ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሰባት በዓል አልፏል። ከገዛኋቸው እቃዎች አንዳንዶቹ ዛሬም ይሠራሉ። አንዳንዶቹ ደግሞ ስማቸው ሲነሳ ወሬ እናስቀይራለን። ዓሣ አርቢው እኔ አይደለሁም፤ ይህን የምጽፈውም ለዚሁ ነው። አርቢዎች ሲጽፉ ለአርቢ ነው። እኔ የምጽፈው እንደኔ ምንም ሳያውቅ መደብር ገብቶ በመደርደሪያ መሀል ለሚንቀዋለል ሰው ነው።

መለኪያዬ አንድ ነው። ስጦታው ሲከፈት የማየውን ፈገግታ አልቆጥርም። ባለቤቴ ጨዋ ነው፣ ለሁሉም ፈገግ ይላል። እኔ የማየው ዓመት ሲሞላው እቃው የት እንዳለ ነው። በእኛ ቤት ሦስት ቦታ አለ። አንደኛው ውሃው ውስጥ ወይም የባለቤቴ እጅ ላይ ነው። ሁለተኛው ከአኳሪየሙ ስር ያለው ቁም ሳጥን ነው፤ አልፎ አልፎ የሚፈለግ ነገር እዚያ ይቀመጣል። ሦስተኛው የኮሪደሩ መሳቢያ ነው። እሱን ግዞት ቤት ብዬዋለሁ።

የመጀመሪያው ዓመት ግንብ ገዛሁ። ማማ ያለው፣ ዓሣ የሚሾልክበት በር ያለው፣ ሰማያዊ ግንብ። በስድስተኛው ሳምንት ቀለሙ እንደ አሮጌ የጥፍር ቀለም ይረግፍ ጀመር። ባለቤቴ አንድ ቀን ቃል ሳይተነፍስ አወጣው። ግዞት ቤቱ በዚህ ግንብ ተመረቀ። ከግንቡ ጋር አንድ ከረጢት የባሕር ዛጎልም ጨምሬ ነበር። እሱማ ውሃ እንኳ ሳይነካው ነው የታሰረው። ምን አጠፋ ብዬ ስጠይቀው አንዱን ዛጎል አንስቶ አቼቶ ጠብ አደረገበት። ወዲያው አረፋ ሠራ። ዛጎል ካልሲየም ካርቦኔት ነው። ውሃ ውስጥ ቀስ እያለ ይሟሟና የውሃውን ማዕድንና ፒኤች (የአሲድነት መለኪያውን) ከፍ ያደርጋል። የእኛዎቹ ኒዮን ቴትራ የሚባሉ ትንንሽ ዓሣዎች ናቸው። ዘራቸው ከአማዞን ነው፣ ማዕድን ያልበዛበት ውሃ ይስማማቸዋል። ድንጋይም ለመስጠት ያሰበ ሰው ይህቺን የአቼቶ ምርመራ ይሞክራት።

ዛጎል ለሁሉም መጥፎ ነው ማለቴ ግን አይደለም። ታንጋኒካ ሐይቅ ውስጥ ባዶ የቀንድ አውጣ ቅርፊት እንደ ቤት የሚኖሩበት ዓሣዎች አሉ። እነሱን ለሚያረባ ሰው ያው የእኔ ከረጢት ትልቅ ስጦታ ይሆን ነበር። ችግሩ የዛጎሉ ሳይሆን ሳልጠይቅ የገዛሁት የእኔ ነው።

ይህን ግን ያኔ አልተማርኩም። ምክንያቱም በሁለተኛው ዓመት ዓሣ ገዛሁ።

ይህን ክፍል ሳልጽፈው ብቀር ደስ ይለኝ ነበር። ባለቤቴ ቤት አልነበረም። መደብሩ ውስጥ ሻጩ አንዲት ጥቁር ቡናማ፣ አፏን መስታወት ላይ ለጥፋ የምትልስ ዓሣ አሳየኝ። «እህቴ፣ ይቺ መስታወቱ ላይ የሚይዘውን አረንጓዴ፣ አልጌውን ትበላዋለች። ማጽዳት ድሮ ቀረ!» አለኝ። የጣቴን ያህል ናት። ማጽዳት ድሮ ቀረ የሚለውን ስሰማ ሌላ ጥያቄ አልጠየቅኩም። ብቻዋን እንዳትሆን ብዬ ሁለት አደረግኳቸው። የላስቲኩን አፍ በሪባን አስሬ ቤት ገባሁ። ከዚያም ሲመጣ ይደነቅ ብዬ ላስቲኩን ከነውሃው አኳሪየሙ ውስጥ ገለበጥኩት።

እውነትም ተደነቀ። ፈገግም አለ። በአምስተኛው ቀን ኒዮኖቹ ላይ ጨው የተነሰነሰ የሚመስል ነጭ ነጥብ ወጣ። በሽታው በዚሁ በነጭ ነጥብ ነው የሚታወቀው። ጥገኛ ተሕዋሲው ከዓሣው ቆዳ ስር ገብቶ ያድጋል። ሲጠግብ ይወርድና ታች ጠጠሩ ላይ ይራባል። ከአንዱ በመቶዎች የሚቆጠሩ ይወጡና ዋኝተው ሌላ ዓሣ ይፈልጋሉ። መድኃኒቱ የሚያገኛቸው ሲዋኙ ብቻ ነው። ቆዳ ስር ያለውን አይነካውም። ስለዚህ ነጥቡ ጠፋ ብሎ መድኃኒት ያቋረጠ ሰው እንደገና ከመጀመሪያው ይጀምራል። ሽሪምፕ ያለበት ቤት ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። አንዳንዶቹ መድኃኒቶች መዳብ አለባቸው፣ መዳብ ደግሞ ሽሪምፕ ይጨርሳል።

አስራ ሁለት ኒዮኖች ነበሩ። ሰባት ቀሩ። ባለቤቴ አልተቆጣም። ምነው በተቆጣ! ማታ ማታ ወንበር ስቦ ፊቷ ተቀምጦ ዝም ይላል። እኔ ወጥ ቤት ውስጥ ያጠብኩትን ሳህን እንደገና አጥባለሁ።

በኋላ እንደነገረኝ አዲስ ዓሣ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ለብቻው በሌላ እቃ ይቆያል። በሽታ ካለው እዚያው ይታያል። የላስቲኩ ውሃም አይገለበጥም፤ ዓሣው ብቻ በመረብ ይወጣል። ጣት የምታህለው ዓሣ ደግሞ ስታድግ ከ30 ሴንቲ ሜትር ታልፋለች። የእኛ አኳሪየም ርዝመቱ 80 ሴንቲ ሜትር ነው። ሁለቱም በመጨረሻ ሰፊ ገንዳ ላለው ሰው ተሰጡ። መስታወቱንም ከዚያ በኋላ በእጅ ማጽዳታችንን ቀጠልን። ስለዚህ ለማንም ሰው፣ በማንኛውም በዓል፣ በድንገት ሕይወት ያለው ዓሣ አይገዛም። እዚህ ላይ ድርድር የለኝም። በጠባብ ብልቃጥ ተቀምጣ የምትሸጥ ዓሣማ ጭራሽ አይነሳብኝ።

በሦስተኛው ዓመት ጥፋተኛ ሰው እንደሚገዛው አድርጌ ገዛሁ። የውሃ መመርመሪያ። ኤፒአይ ማስተር ኪት የሚባለው፣ በጠብታ የሚሠራው፣ ጨው ለሌለው ውሃ የሚሆነው። አሞኒያ፣ ናይትራይት፣ ናይትሬትና ፒኤች ይለካል። ወደ 800 ምርመራ ያህል ይሠራል። በዚህ ስሌት ለእኔ ዕድሜ ይበቃል ብዬ ነበር፤ ግን ጠርሙሶቹ የሚያበቁበት ጊዜ ስላላቸው ከመግዛታችሁ በፊት ገልብጣችሁ ቀኑን እዩ።

ይህ ስጦታ ሲታይ ያስጠላል። የትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ ነው የሚመስለው። ባለቤቴ ሲከፍተው ግን ፈገግ አላለም። ዝም ብሎ አገላብጦ አነበበውና ወዲያው ተነስቶ ውሃ ቀዳ። ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ።

ሥራው እንዲህ ነው። ዓሣ ሲበላና ሲጸዳዳ ውሃው ውስጥ አሞኒያ ይከማቻል፤ አሞኒያ መርዝ ነው። ፊልተሩ (የውሃ ማጣሪያው) ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይለውጡታል፤ ናይትራይትም መርዝ ነው። ሌሎቹ ደግሞ ያንን ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። ናይትሬት እስካልበዛ ድረስ ብዙም አይጎዳም፣ ውሃ ሲቀየር ይወጣል። አዲስ አኳሪየም እነዚህን ባክቴሪያዎች እስኪያፈራ ብዙ ጊዜ ከአንድ ወር በላይ ይፈጃል። ጀማሪ ሰው ገዝቶ በማግስቱ ዓሣ ይጨምራል፣ በሳምንቱ ይሞትበታል፣ «እጄ አይሆንም» ብሎ ይተዋል። የእጁ ጉዳይ አልነበረም፤ ውሃው እንደ መስታወት ጠርቶ እያለ መርዝ ነበር። ስለዚህ ለጀማሪ የሚሰጥ ሰው ሌላውን ሁሉ ትቶ ይህን ይግዛ።

የናይትሬቱ ምርመራ ትዕግሥት ይፈልጋል። ሁለተኛውን ጠርሙስ 30 ሰከንድ አጥብቆ መናጥ ነው፤ ውስጡ ያለው ነገር ይዘቅጣል። ከዚያ ቱቦውን አንድ ደቂቃ መናጥ፣ ከዚያ አምስት ደቂቃ መጠበቅ። ሳይናጥ የተሠራ ምርመራ ሁሉም ሰላም ነው ብሎ ይዋሻል። ከዚያ ቀለሙን ከካርዱ ጋር ማስተያየት አለ። ባለቤቴ ብርቱካናማና ቀይ መለየት አይሆንለትም። «ይሄ 20 ነው 40?» እያለ መስኮት ለመስኮት ይዞረኛል። የቤቱ ቀለም አንባቢ እኔ ሆኛለሁ። እሁድ ጠዋት ቱቦውን በቀን ብርሃን ይዤ ፍርድ እሰጣለሁ። ለጣውንቴ ሐኪም ሆንኩ ማለት ነው። ወረቀት ወረቀት የሚመስሉት፣ ነክረው የሚያዩአቸውም አሉ። ይፈጥናሉ፣ ግን በጠብታው ልክ አይታመኑም፤ ለችኩል ሰው ይሁኑ።

ዛሬ ያ ሳጥን የት ነው? ቁም ሳጥኑ ውስጥ፣ በየሳምንቱ እየወጣ። ከአሥሩ ከዘጠኝ በላይ እሰጠዋለሁ።

የእኔ አንደኛ ግን የአራተኛው ዓመት ነው። ከቧንቧ ጋር የሚገጠም ረጅም የውሃ መቀየሪያ ቱቦ። እሱን ከመግዛቴ በፊት አንድ ወር ሰለልኩ። ባለቤቴ በየሳምንቱ 40 ሊትር ገደማ ይቀይራል። 40 ሊትር ውሃ 40 ኪሎ ነው። መጀመሪያ ወጥቶ ይደፋል፣ ከዚያ ሌላ 40 ኪሎ ይገባል። በአሥር ሊትር ባልዲ አራት ጊዜ መውጣት፣ አራት ጊዜ መግባት። በመሀል ኮሪደሩ ይንጠባጠባል፤ እኔ እከተላለሁ፣ እወለውላለሁ። ሲጨርስ ወገቡን ይዞ «ኡፍ» ይላል። ይህን «ኡፍ» አራት ዓመት ሙሉ ሰምቼው ስጦታ መሆኑ አልታየኝም ነበር።

ቱቦው በአንድ ጫፉ ጠጠሩን እየቦረቦረ ቆሻሻውን ይስባል፤ በሌላው ጫፍ ቧንቧው ላይ ይገጠማል። ማዞሪያውን ሲገለብጡት ያው ቱቦ ንጹህ ውሃ ይመልሳል። ለመግዛት ሁለት ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። አንደኛው ርቀቱ ነው። ባለቤቴ ገላውን ሲታጠብ ከአኳሪየሙ እስከ ቧንቧው ድረስ ሲባጎ ዘርግቼ ለካሁ፤ የበሩን መታጠፊያም አልረሳሁም። ሁለተኛው የቧንቧው አፍ ነው። ጥርስ ያለው ነው ወይስ ልሙጥ? ልሙጥ ከሆነ በቀጥታ አይያያዝም። ፎቶ አንስታችሁ ሂዱ።

ጉድለትም አለው። ውሃውን ስቦ ለማውጣት ቧንቧው ክፍት ሆኖ መፍሰስ አለበት። ያ ሁሉ ንጹህ ውሃ እየተደፋ ማየት አንጀቴን ይበላኛል። እኛ መፍትሔ አገኘን። አኳሪየሙ ከማጠቢያው ከፍ ስለሚል ቱቦው አንዴ መሳብ ሲጀምር ቧንቧውን እንዘጋዋለን፤ ውሃው በራሱ ቁልቁል ይወርዳል።

ከቱቦው ጋር አንድ ነገር ካልጨመራችሁ ደግሞ ሁለተኛውን የእኔን በዓል ትደግማላችሁ። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ወይም ክሎራሚን አለበት። ለእኛ ጀርም ይገድልልናል፤ የዓሣን ስንጥብ ደግሞ ያቃጥላል፣ የፊልተሩንም ባክቴሪያ ይገድላል። ማርከሻው ጠርሙስ ውስጥ የሚመጣ ፈሳሽ ነው። እኛ የምንጠቀመው ሲኬም ፕራይም ነው፤ 5 ሚሊ ሊትሩ ለ200 ሊትር ይበቃል። ውሃው በባልዲ ሲሆን የሚለካው ለባልዲው ነው። በቱቦ ቀጥታ ሲገባ ግን ለአኳሪየሙ ጠቅላላ ውሃ ነው የሚለካው፤ ለእኛ 3 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። ክዳኑን ስትከፍቱ የበሰበሰ እንቁላል ቢሸታችሁ አትደንግጡ። ተበላሽቶ አይደለም፣ ተፈጥሮው ነው። እኔ አንዱን ደፍቼው አውቃለሁ።

ቱቦው አራት ዓመት ሊሞላው ነው። ባልዲ የሚያመላልስ የለም። «ኡፍ» የሚለውም ቀርቷል። አሥር ከአሥር።

አምስተኛውን ዓመት ቶሎ ቶሎ ልለፈው። አነስ አነስ ያሉ ነገሮች ሰብስቤ በአንድ ሳጥን ሰጠሁ። የመብራት ታይመር ነበረበት። እሱ ወርቅ ነው፤ ማብራትና ማጥፋት የሚረሳ ሰው አልጌ ነው የሚያረባው። መስታወት ላይ የሚለጠፍ ቴርሞሜትር ነበረበት፤ የክፍሉንም የመስታወቱንም ሙቀት እየደባለቀ ስለሚያነብ ተላጠ። ውሃ ውስጥ የሚገባው ይሻላል። ለጉዞ ጊዜ የሚሆን፣ ቀስ እያለ የሚሟሟ የምግብ ድብልብልም ነበረበት። ውሃውን አደፍርሶብን ከጉዞ ስንመለስ ጭጋግ ተቀበለን። ጤነኛ፣ ያደገ ዓሣ ሳምንት ሳይበላ ቢቆይ ምንም አይሆንም። ለሳምንት ጉዞ ምንም አትግዙ። ሂተር (የውሃ ማሞቂያ) ደግሞ ያለ ባለቤቱ ምርጫ አትግዙ። በርቶ የሚቀር ሂተር ዓሣ ይቀቅላል፤ ያንን ኃላፊነት ለምን ትወስዳላችሁ?

በዚያው ሳጥን ውስጥ የማግኔት ማጽጃም ነበር። አንዱ ግማሽ ከውስጥ፣ ሌላው ከውጪ ሆኖ እጅ ሳይረጥብ አልጌውን ይፍቃል። ቢላቀቅ የሚንሳፈፈውን ዓይነት ምረጡ፤ ካልሆነ ክንዳችሁ ድረስ ገብታችሁ ነው የምታወጡት። ይህ እቃ ዛሬም ውሃው ውስጥ ነው፤ ግን እኔ እንዳልነካው ተከልክያለሁ። አንድ ቀን ላግዝ ብዬ እስከ ጠጠሩ ድረስ አወረድኩት። አንዲት አሸዋ መሀሉ ገብታ ኖሯል። ከግራ ወደ ቀኝ፣ እንደ ፊርማ የሚመስል ጭረት ቀረ። ማታ መብራቱ ሲበራ ያበራል። ልብ በሉ፣ የእኛ መስታወት ነው። አክሪሊክ፣ መስታወት የሚመስለው ፕላስቲክ ቢሆን ከዚህም ብሶ ይጫጫር ነበር፤ ለእሱ የራሱ ለስላሳ ማጽጃ አለው። ከመግዛታችሁ በፊት ገንዳው ከምን እንደተሠራ እወቁ። ጥፍራችሁን ብትመቱበት መስታወቱ ጥርት ያለ ድምፅ አለው፣ አክሪሊኩ የታፈነ ነው።

ስድስተኛው ዓመት በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ነው። ለስድስት ወር ቁም ሳጥኑ ውስጥ ተኝቶ ስላየሁት ወደ ግዞት ቤት ሊሄድ ነው ብዬ ነበር። ከዚያ አንድ ሌሊት መብራት ጠፋ። ሶኬት ላይ የሚሰካ፣ መብራት ሲጠፋ በራሱ የሚነሳ ዓይነት ነው። ከእንቅልፌ የነቃሁት እንደ ንብ ድምፁን ሰምቼ ነው። ባለቤቴ አልነቃም። ድሮ መብራት ሲጠፋ ተነስቶ በጆግ ውሃ እየቀዳ ከላይ የሚያፈስ ሰው ነው፤ ውሃው አየር እንዲያገኝ። ፊልተሩ ሲቆም የሚታፈነው ዓሣው ብቻ አይደለም። እነዚያ ባክቴሪያዎችም ኦክስጅን ይፈልጋሉ፤ ለብዙ ሰዓት ካጡ ይሞቱና መብራት ሲመጣ ሌላ መዘዝ ይዘው ይጠብቃሉ። ያን ሌሊት እኔ ብቻ ነቅቼ የፓምፑን ጉርምርምታ ሳዳምጥ፣ ከጎኔ ሲያንኮራፋ፣ ከዚህ በላይ የተዋጣለት ስጦታ ገዝቼ አላውቅም አልኩ። (ቱቦውን ረስቼው ነው።) ድንጋዮቹን በየጊዜው አውጥታችሁ እዩ፤ ፈሳሽ ካወጡ ፓምፑን ይበሉታል።

ባለፈው ዓመት እጄ አጥሮኝ ነበር። ሁለት ባልዲና አንድ ትልቅ ፎጣ ገዛሁ። ቱቦው ካለ ባልዲ ምን ያደርጋል እንዳትሉኝ። የፊልተሩ ስፖንጅ የሚታጠበው ከአኳሪየሙ በተቀዳ ውሃ ነው እንጂ በቧንቧ አይደለም፤ ክሎሪኑ ባክቴሪያውን ስለሚገድል። ለዚህ ሳሙና የሚባል ነገር ያልነካው ባልዲ ያስፈልጋል። እስከዚያ ድረስ ወለል የምወለውልበትን ባልዲ በስህተት ያነሳብኝ ነበር፤ ወይም እኔ የእሱን። አዲሶቹ ላይ በማይለቅ ቀለም «ሳሙና የነካው እጅ አይንካኝ» ብዬ ጻፍኩ። ከሰባቱ ስጦታዎች ሁሉ የረከሰው ይህ ነው። ከሰባቱ ሁሉ እንግዳ ሲመጣ የሚያሳየውም ይህን ነው። ለምን እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም፤ ጽሑፉ ይሆናል።

ዘንድሮስ? ዘንድሮ ተክል ነው። አኑቢያስ ይባላል። ብዙ ብርሃን አይጠይቅም፣ ቀስ ብሎ ያድጋል፣ ቅጠሉ ጠንካራ ነው። ጠጠር ውስጥ አይቀበርም፤ ወፍራሙ ግንዱ ከተቀበረ ይበሰብሳል። እንጨት ወይም ድንጋይ ላይ በክር ይታሰራል። የመረጥኩት በቤተ ሙከራ የበቀለውን፣ በታሸገ የላስቲክ ኩባያ ውስጥ የሚመጣውን ነው። ቀንድ አውጣም በሽታም ይዞ አይገባም፤ ሥሩ ላይ ያለችውን ጄል ማጠብ ብቻ ነው። ሁለተኛውን በዓል ያልረሳ ሰው ምርጫ ነው።

አንድ ችግር ብቻ አለብኝ። በዓሉ ገና አሥር ቀን ይቀረዋል፣ ኩባያው ደግሞ ብርሃን ይፈልጋል። ጠዋት ባለቤቴ ሲወጣ ከካልሲ መሳቢያዬ አውጥቼ መስኮት ላይ አስቀምጠዋለሁ። ማታ ከመግባቱ በፊት እመልሰዋለሁ። ትናንት ረስቼው በሩ ሲንኳኳ ነው የሮጥኩት። ዛሬም ይህን ስጽፍ መሸብኝ፤ የደረጃው መብራት በራ መሰለኝ።